የፍሬን መጋል ምንድን ነው?

ረጅም ቁልቁለት ላይ አደጋ ሲደርስ ከሹፌሩም፣ ከዳር ሆኖ ካየውም ሰው አፍ ቀድማ የምትወጣ አባባል አለች፤ «ፍሬን በጠሰ»። ስንሰማት አንድ ቱቦ በድንገት የተቆረጠ፣ ማንም አስቀድሞ ሊያውቀው የማይችል ነገር የደረሰ ይመስለናል። እንዲያ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ነገር ግን ምንም ሳይበጠስ፣ ዘይት ሳይፈስ፣ ሸራ ሳያልቅ ፍሬን እምቢ የሚልበት ሌላ መንገድ አለ፤ መጋል ነው። እንዲህ የሆነ መኪና ቆሞ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ እንደገና ደህና አድርጎ ሊይዝ ይችላል። ሹፌሩ «አልያዘልኝም» ሲል እውነቱን ነው፤ መካኒኩም «ምንም አላገኘሁበትም» ሲል እውነቱን ነው።

ነገሩን ለመረዳት ፍሬን ምን እንደሚሠራ ማየት ይበጃል። ፍሬን የመኪናን ጉልበት አያጠፋም፤ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሸራው ከሚሽከረከረው ዲስክ ወይም ታምቡር ጋር ይፋተጋል፣ ሰበቃው ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱን ነፋስ ይወስደዋል። ከተማ ውስጥ ይህ ችግር የለውም፤ ረገጥ ተደርጎ ይለቀቃል፣ እስከሚቀጥለው መብራት ይቀዘቅዛል። ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬኑ ማረፊያ ያጣል።

ዓባይ በረሃን እንውሰድ። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ደጀን የሚያወጣው መንገድ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከየትኛውም ወገን ቢመጡ መጀመሪያ የሚገጥምዎ ቁልቁለቱ ነው። ከጎሐ ጽዮን ጫፍ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው የከፍታ ልዩነት 1400 ሜትር ገደማ ነው። አሁን አንድ ከነጭነቱና ከነተሳቢው 40 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀውን ጉልበት እናስላ። ሁሉም ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ1600 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ስምንት ማለት ነው። አንድ ተኩል ቶን የምትመዝን የቤት መኪና እንኳ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ታፈላለች። ጥቂቱን ነፋስና ጎማ ይካፈሉታል። የቀረው ወይ ወደ ሞተሩ ይሄዳል፣ ወይ ወደ ፍሬኑ። ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ሹፌሩ ነው፤ የሚወስነውም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ እላይ ሜዳው ላይ ሳለ ነው።

ፍሬን ሲግል በሁለት መንገድ ይከዳል፤ እግር ላይ ያላቸው ስሜትም ይለያያል። የመጀመሪያው የሸራው ነው። ሸራ ከልኩ በላይ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። ታምቡር ያለው ፍሬን ከሆነ ደግሞ ታምቡሩ በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ይሸሻል። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ነው፣ አጥብቀው ይረግጣሉ፣ መኪናው ግን አይዝም። ሁለተኛው የዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን ከእሱ የሚጠበቀው 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ስፖንጅ እንደረገጡ ሆኖ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ብዙ አምራቾች የፍሬን ዘይት በየ2 ዓመቱ ይቀየር የሚሉት ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሲጎድል መሙላት እንጂ መቀየር እምብዛም አልተለመደም፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል። ልክ የሞላ ዘይት ያረጀ ሊሆን ይችላልና።

እንግዲህ ሙቀቱን ወደ ሞተሩ መላክ ማለት በማርሽ መውረድ ማለት ነው። ነዳጅ መስጫው ተለቅቆ መኪናው በከባድ ማርሽ፣ ማለትም በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ላይ ሲሆን ጎማው ሞተሩን ያዞራል፤ ሞተሩም ጎማውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። የቆዩ ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ። ያንን ዳገት በሁለተኛ የሚወጣ መኪና በሁለተኛ ይውረድ ማለታቸው ነው። ለአዳዲሶቹ መኪኖች ይህ ትንሽ ላላ ይላል፤ ጉልበታቸው ስለሚበዛ በአራተኛ ወጥተው በአራተኛ መውረድ አያዋጣቸውም፣ ከዚያ መቀነስ ይኖርባቸዋል። አውቶማቲክ መኪና ያለው ሰው በ«ዲ» ትቶት አይውረድ፤ ኤል ወይም 2 የሚሉት ምልክቶች የተቀመጡት ለዚሁ ነው። ብዙ የጭነት መኪኖች ደግሞ የጭስ ማውጫውን አፍኖ ሞተሩን የሚይዝ ተጨማሪ ፍሬን አላቸው፤ እሱም ከላይ ጀምሮ ይከፈታል።

ማርሹ የሚገባው ከላይ ነው ማለቴን ላጥብቀው። መሀል ቁልቁለት ላይ፣ ፍጥነት ከጨመረ በኋላ ማርሽ ልቀንስ ቢሉ ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ አልቀበልም ሊል ይችላል። የነበረው ወጥቷል፣ የተፈለገው አልገባም፤ የጫነ መኪና በፎሌ፣ ያለ ምንም ማርሽ ቀረ ማለት ነው።

በፎሌ ስለመውረድ ከተነሳ፣ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው እምነት ዛሬም አልጠፋም። ባለ ኢንጄክሽን ሞተር ማርሽ ላይ ሆኖ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ነዳጁን ራሱ ይቆርጣል፤ ጎማው ስለሚያዞረው አያስፈልገውም። በፎሌ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ብሎ ነዳጅ መጠጣት አለበት። ስለዚህ በፎሌ የሚወርድ ሰው ነዳጅም ያባክናል፣ የመኪናውን ክብደት ሁሉም በሸራው ላይ ይጭናል። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከዚያ ይከፋል። ሞተሩ ለፍሬኑ የሚሰጠው እገዛ ከሁለት ሦስት እርግጫ በኋላ ያልቃል፣ መሪው ይከብዳል፣ ቁልፉ ከተነቀለ መሪው ሊቆለፍም ይችላል።

በማርሽ ወርደውም ፍሬን መንካትዎ አይቀርም፤ ዓባይ በረሃ ውስጥ መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን ስለሚያጣምመው በየኩርባው መቀነስ ግድ ነው። አረጋገጡ ነው ቁም ነገሩ። እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ በስሱ እየያዙ መውረድ ለሸራው ፋታ አይሰጠውም። ለቦታው የሚገባውን ፍጥነት ይምረጡ፤ 40 ነው እንበል። 40 ሲደርስ ጠበቅ አድርገው ረግጠው ወደ 30 ያውርዱት፣ ከዚያ እግርዎን ሙሉ በሙሉ ያንሱ። እንደገና 40 እስኪደርስ ያለው ጊዜ የፍሬኑ ማረፊያ ነው።

ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ በዓመቱ ከደጀን በኩል በአሮጌ የቤት መኪና አራት ሰው ይዤ ስወርድ በአራተኛ ማርሽ ነበርኩ፤ እግሬም ፔዳሉ ላይ ነበር። መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ የተቃጠለ ሸራ ሽታ። ከፊታችን ካለው የጭነት መኪና መስሎኝ መስኮቱን ዘጋሁ። ቀጥሎ ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ያዘ፣ በሚቀጥለው ኩርባ የበለጠ ዝቅ አለ። እንዲህ ሲሆን ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ መደጋገም የተወሰነ ጉልበት ይመልሳል፤ ማርሽ ግን አንድ በአንድ መቀነስ አለበት፤ የእጅ ፍሬኑም ጫፉ ላይ ያለውን መጫኛ በጣት ተጭኖ ቀስ እያሉ ይሳባል እንጂ በአንዴ አይነጠቅም፣ የኋላ ጎማ ይቆልፋልና። ለፊተኛውና ለሚመጣው ማስጠንቀቂያ መብራትና ጥሩምባ ያስፈልጋል። ሌላው ሁሉ ካልሆነ መኪናውን በተራራው በኩል ካለው ቦይና ግንብ ማስደገፍ ነው፤ በገደሉ በኩል ግን ፈጽሞ አይሆንም። እኔ በሦስተኛ፣ ከዚያ በሁለተኛ ይዤ በእጅ ፍሬን አንዲት ሰፋ ያለች ዳር ላይ አቆምኩ። ከፊት ጎማዎች ጭስ ይወጣ ነበር።

ከኋላችን የሚመጣ የጭነት መኪና ዳር ያዘ። ሹፌሩ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ነበር። አንዱ ጓደኛዬ የውሃ ሃይላንድ ይዞ ወደ ጎማው ሲያጎነብስ አይቶ ከሩቅ ጮኸ፤ «ተው፣ ልጄ! ውሃ እንዳታፈስበት!» የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ረዳቱን ልኮ ጎማዎቹ ሥር የድንጋይ ታኮ አስደረገ፣ ሰዎቹን ከመኪናው አስወርዶ ከመንገዱ ውጭ አስቀመጠ፣ ትሪያንግሉን ከኩርባው ወዲያ ማዶ አስተከለ። ኩርባ ላይ የቆመን መኪና የሚመጣው ሰው የሚያየው ሲደርስበት ነው፤ ምልክቱ ከኩርባው በፊት ካልተቀመጠ አይረባም።

ጓደኛዬ በገመድ ጎትቶ እንዲያወርደን ለመነው። አልተቀበለም፤ ምክንያቱንም ነገረን። ፍሬን የሌለው መኪና ቁልቁለት ላይ በገመድ አይጎተትም። ገመድ የሚስበው ወደ ፊት ብቻ ነው፤ የኋለኛው በራሱ ክብደት ሲንደረደር የሚያቆመው የፊተኛው መኪና ጀርባ ነው። እንዲህ ያለ መኪና የሚንቀሳቀሰው በጠንካራ የብረት ዘንግ ተይዞ ወይም ሌላ መኪና ላይ ተጭኖ ነው።

ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ሸራው ቀዘቀዘ፣ ፔዳሉ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሰውየው ሞተር አስነስቼ፣ ሜዳማዋ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ አስረግጦ ካየ በኋላ በአንደኛ እንድወርድ ነገረኝ፤ ወደ ሁለተኛ እንዳልሄድም አጥብቆ ተናገረ። ደጀን ተመልሰን ጋራዥ ፈልገን ዘይቱን እንዳንቀይር መዞሪያ አልነበረም፤ የቀየርነው ማዶ ጎሐ ጽዮን ወጥተን ነው። የወጣው ዘይት ቡና መስሎ ነበር።

ልንሄድ ስንል ሰውየው ከመኪናው እንደገና ወረደ። ታኮ ያደረግናቸውን አራት ድንጋዮች ረስተን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ትተናቸው ነበር። ሊመሽ ነበር። አንድ በአንድ አንስቶ ቦዩ ውስጥ አስገባቸውና እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወደ መሪው ተመለሰ።