ፕሮቲን አለ ማለት ጉልበት ይወጣል ማለት አይደለም

ባዮሎጂ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ የፈተና ወረቀት ባረምኩ ቁጥር የሚገጥመኝ አንድ መልስ አለ፤ ይኸውም «ግሉኮስ ወደ ሕዋስ የሚገባው በፕሮቲን አማካይነት ስለሆነ ኤቲፒ ያስፈልገዋል» የሚለው ነው (ኤቲፒ ሕዋስ ለሥራው ጉልበት የሚያገኝበት ሞለኪውል ነው)። ጎበዝ የሚባሉት ተማሪዎች ሳይቀሩ ይጽፉታል፤ ትክክል ብሎ የሚያልፍ መምህር ሲያጋጥመኝ ደግሞ ከልቤ አዝናለሁ።

ጉልበት ማስፈለግ አለማስፈለጉን የሚወስነው የጉዞው አቅጣጫ እንጂ የፕሮቲን መኖር አይደለም። ውሃ በቦይ ቁልቁል ሲወርድ ቦዩ መንገድ ይሰጠዋል እንጂ አይገፋውም፤ የሚያወርደው ተዳፋቱ ነው። በቀይ የደም ሕዋስ ሽፋን ላይ ያለው ግሉት 1 የተባለው ተሸካሚ ፕሮቲንም ቅባታማው ሽፋን የማያሳልፈውን ግሉኮስ ተቀብሎ፣ ቅርጹን ለውጦ፣ ከበዛበት ወደ አነሰበት ያሻግረዋል፤ ለዚህም ኤቲፒ አይጠቀምም። ግሉኮስ በሕዋሱ ውስጥ ቢበዛ ኖሮ ያው ተሸካሚ መልሶ ወደ ውጭ ያሳልፈው ነበር። ሕዋሱ ግን የገባው ግሉኮስ ተመልሶ እንዳይወጣ ወዲያው ፎስፌት ያያይዝበታል፤ ኤቲፒ የሚፈጀው እዚህ ላይ፣ ግሉኮሱ ከገባ በኋላ ነው፤ ተማሪዎቼን የሚያምታታቸውም ይኸው ይመስለኛል። ኢንሱሊንም ቢሆን በጡንቻ ሕዋስ ግሉት 4 የተባለው ሌላው የግሉኮስ ተሸካሚ ወደ ሽፋኑ እንዲወጣ ያደርጋል እንጂ ግሉኮሱን አይገፋም። በአንጻሩ 3 ሶዲየም አስወጥቶ 2 ፖታሲየም የሚያስገባው ፓምፕ ሁለቱንም ከጥቂት ወደ ብዙ ስለሚወስድ በእርግጥ 1 ኤቲፒ ይፈጃል።

«በሽፋኑ ውስጥና ውጭ ያለው መጠን ሲመጣጠን እንቅስቃሴው ይቆማል» ይባላል፤ አይቆምም፣ ወዲያና ወዲህ የሚያልፈው እኩል ይሆናል እንጂ።

«ውሃ የሚያልፈው በሽፋኑ ቅባት መካከል ብቻ ነው» የሚለውም እንዲሁ ስሕተት ነው። ፒተር አግሬ እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት አኳፖሪን የተባለውን የውሃ መተላለፊያ ፕሮቲን በማግኘታቸው ነው፤ በእሱም ውስጥ ውሃ ያለ ኤቲፒ ያልፋል።

«ውሃ ጨው ወደ በዛበት መሄዱ ጉልበት ይጠይቃል» የሚሉም አሉ፤ ጨው በበዛበት ነጻ ውሃ ስለሚያንስ ውሃው የሚሄደው እሱ ራሱ ከበዛበት ወደ አነሰበት ነው። ቀይ የደም ሕዋስ በተጣራ ውሃ ውስጥ አብጦ የሚፈነዳው፣ በ0.9 በመቶ የጨው ውሃ ግን ቅርጹን የሚጠብቀው በዚሁ ምክንያት ነው። አንዲት ጎረቤቴ ተቅማጥ ለያዘው ልጃቸው ለ1 ሊትር የተዘጋጀውን ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) «ጠንከር ይበልለት» ብለው በሁለት ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ሊያጠጡት ሲሉ ደርሻለሁ። እንዲህ የጠነከረው ድብልቅ ከልጁ ገላ ውሃ ወደ አንጀቱ ስቦ ተቅማጡን ያባብሰዋል። ስለዚህ በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ያህል ንጹሕ ውሃ ለክታችሁ በጥብጡ፤ ስኳር አትጨምሩበት፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀውንም ድፉት።