ላ ጉዌራ፦ የምዕራብ ሰሃራ ባዶ የድንበር መንደርና የስፔን ምሽግ

ላ ጉዌራ በምዕራብ ሰሃራ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር የምትገኝ፣ ነዋሪዎቿ ጥለዋት የሄዱ የድንበር መንደር ናት። የተቆረቆረችው ስፔን በ1920 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሠራችው ወታደራዊ ምሽግ አጠገብ ሲሆን፣ መገኛዋም ካቦ ብላንኮ ወይም ራስ ኑዋዲቡ በሚባለው ረጅምና ቀጭን ባሕረ ገብ መሬት ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ ነው። ምሥራቃዊው ጎን የሞሪታንያ ግዛት ነው፤ የአገሪቱ የብረት ማዕድንና የዓሣ ወደብ የሆነችው፣ ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ኑዋዲቡ ያለችው በዚያ ነው። ሁለቱን ቦታዎች የሚያራርቃቸው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በረሃውም ነፋሱም አንድ ሆኖ ሳለ አንዷ ከተማ፣ ሌላዋ ፍርስራሽ ለመሆን የበቁት በመካከላቸው በተሰመረው ድንበር የተነሣ ነው።

ድንበሩ የተሰመረው ከቦታው እጅግ ርቆ በፓሪስ ነበር። ጁን 27 ቀን 1900 የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቴዎፊል ዴልካሴና በፓሪስ የስፔን አምባሳደር የነበሩት ፌርናንዶ ሌዮን ኢ ካስቲዮ በተፈራረሙት ውል ባሕረ ገብ መሬቱ በቁመቱ ለሁለት ተከፈለ። ክፍፍሉ በካርታ ላይ እኩል ይምሰል እንጂ በተግባር ሚዛኑ የተዛባ ነበር፤ ለፈረንሳይ የደረሰው ምሥራቃዊ ጎን ከማዕበል የተጠለለ፣ መርከብ ለማቆም የሚመች የባሕር ሰላጤ ሲይዝ፣ ለስፔን የተረፈው ግን በውቅያኖሱ ማዕበል ያለ ፋታ የሚደበደብ ክፍት ዳርቻ ነው። የዚያው ውል ድንበር ወደ በረሃው ውስጥ ሲዘልቅ ደግሞ የኢጂል የጨው ሜዳ በፈረንሳይ እጅ እንዲቀር ሲባል ታጥፎ ያልፋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሞሪታንያን የብረት ማዕድን ከዙዌራት ወደ ኑዋዲቡ የሚያጓጉዝ ባቡር ሲዘረጋ፣ ሹም በተባለው ቦታ ሐዲዱ የስፔንን ግዛት እንዳይረግጥ ሲባል 2 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ድንጋይ ተፈልፍሎ መሠራቱ፣ ያ መስመር ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ በግልጽ ያሳያል።

ስፔን በዚህ የባሕር ዳርቻ ላይ ዓይኗን የጣለችው ቀደም ብላ ነው። የካናሪ ደሴቶች ዓሣ አጥማጆች በእነዚህ ውሃዎች ላይ ሲያጠምዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋቸው ነበር፤ በ1884 ኤሚሊዮ ቦኔሊ ቪያ ሲስኔሮስን (የዛሬዋን ዳክላ) ሲቆረቁር በካቦ ብላንኮም የስፔንን ይዞታ የሚያመለክት ጣቢያ ተክሎ ነበር። ሆኖም በቦታው ጸንቶ የቆየ ሥራ የሠራው ሪዮ ዴ ኦሮ የተባለው በዚህ ዳርቻ ያለ የስፔን ቅኝ ግዛት አስተዳዳሪ ፍራንሲስኮ ቤንስ ነው። በኩባ ሃቫና የተወለደው ይህ መኮንን ከማድሪድ የሚላክለት ገንዘብም ወታደርም ጥቂት ስለነበር፣ ከበረሃው ጎሳዎች ጋር በመነጋገርና በመወዳጀት ግዛት ማስፋፋትን መረጠ። በ1916 በስተ ሰሜን ያለውን የባሕር ዳር ሥፍራ ኬፕ ጁቢን፣ በ1920 መጨረሻ ላይ ደግሞ ከአካባቢው ጎሳዎች ጋር ተስማምቶ ላ ጉዌራን ያዘ። በባሕረ ገብ መሬቱ ምዕራባዊ ዳርቻ ለአየር ኃይል ጣቢያነትም የታሰበ ምሽግ ተሠራ፤ ከምሽጉ በስተ ምሥራቅም ትንሽ የመኖሪያ መንደር ተቆረቆረች።

መንደሯ ምንም ያህል ትንሽ ብትሆን ለአጭር ጊዜ ራሷን የቻለች ቅኝ ግዛት ተደርጋ ትቆጠር ነበር። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆኑት የፖስታ ቴምብሮቿ ናቸው። መጀመሪያ የሪዮ ዴ ኦሮ ቴምብሮች ላይ ስሟ እየታተመ ተሠራጨ፤ ቆይቶም የንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ ምስል ያለባቸው የራሷ ቴምብሮች ወጡላት። ምሽግ፣ ጥቂት ቤቶችና የዓሣ ማድረቂያ ብቻ ያላት ሥፍራ የራሷ ቴምብር እንዲኖራት መደረጉ የግዛት ይገባኛል ጥያቄን በወረቀት ለማጽናት የተደረገ ጥረት ነበር ማለት ይቻላል። በ1924 ከተቀረው የስፔን ሰሃራ ጋር ስትቀላቀል ይህ አበቃ። ስፔን እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ ድረስ በሰሃራ የነበራት ተጨባጭ ይዞታ ከእነዚህ የባሕር ዳር ጣቢያዎች ብዙም አልዘለለም፤ ላ ጉዌራም ከጦር ሰፈርና ከዓሣ ሥራ ውጪ ሌላ መተዳደሪያ ሳታገኝ እስከ ቅኝ አገዛዙ ፍጻሜ ዘለቀች።

ውድቀቷ የጀመረው በ1975 ነው። ኖቬምበር 14 ቀን በማድሪድ በተደረሰው ስምምነት ስፔን አስተዳደሩን ለሞሮኮና ለሞሪታንያ ለማስረከብ ስትስማማ፣ ለምዕራብ ሰሃራ ነፃነት የሚታገለው የፖሊሳሪዮ ግንባር ስምምነቱን አልተቀበለም። የስፔን ወታደሮች ለቀው ሲወጡ የፖሊሳሪዮ ተዋጊዎች ላ ጉዌራን ቀድመው ያዙ። በዲሴምበር 1975 የሞሪታንያ ጦር ጥቃት ከፈተባቸው፤ በቁጥርም በመሣሪያም የሚያንሱት ተዋጊዎች ለዐሥር ቀናት ያህል ከተከላከሉ በኋላ መንደሯ በሞሪታንያ እጅ ወደቀች። በቀጣዩ ዓመት የግዛቱ ደቡባዊ ክፍል ቲሪስ አል ጋርቢያ ተብሎ ወደ ሞሪታንያ ተጠቃለለ።

ይሁን እንጂ ጦርነቱ ከሞሪታንያ አቅም በላይ ነበር። ፖሊሳሪዮ የአገሪቱ ገቢ የተንጠለጠለበትን የብረት ማዕድን ባቡር እየደጋገመ አጠቃ፤ ፕሬዚዳንት ሞክታር ዉልድ ዳዳህ በጁላይ 1978 በመፈንቅለ መንግሥት ወረዱ፤ ኦገስት 5 ቀን 1979 ደግሞ ሞሪታንያ በአልጀርስ ከፖሊሳሪዮ ጋር የሰላም ስምምነት ፈርማ የግዛት ጥያቄዋን ተወች። ሞሮኮ ወዲያው ዳክላን ይዛ ሞሪታንያ የለቀቀችውን መሬት የራሷ ግዛት አድርጋ አወጀች። ላ ጉዌራ ግን ከዚህ ሁሉ ተለይታ ቀረች። ሞሪታንያ የይገባኛል ጥያቄዋን ብታነሣም ወታደሮቿን ከዚያ አላስወጣችም፤ ምክንያቱም ያቺን ነጥብ የያዘ ሌላ ጦር የኑዋዲቡን ወደብ በቅርብ ርቀት ሊያሰጋ ይችላል። ሞሮኮ በ1980ዎቹ የገነባችው ረጅሙ የአሸዋ ግንብም ከመንደሯ በስተ ሰሜን ስለሚያበቃ ላ ጉዌራ ከግንቡ ውጪ ሆነች። በዚህ ሁኔታ ቤት የሚያድስላት፣ ውሃ የሚያቀርብላት ወይም ትምህርት ቤት የሚከፍትላት መንግሥት አልነበራትም፤ በእኔ አመለካከት መንደሯን ባዶ ያደረጋት ከውጊያው ይልቅ ይህ ባለቤት አልባነት ነው።

ዛሬ አብዛኞቹ ቤቶች ጣሪያቸው ወድቋል፤ ከፊሎቹንም አሸዋ ውጧቸዋል። በአካባቢው የሚታዩት የሞሪታንያ ወታደሮችና ኢምራጉዌን የሚባሉት ጥቂት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። በዚያው ምዕራባዊ ዳርቻ ወደ ሰሜን ባሉት የባሕር ዋሻዎች ውስጥ ግን ቁጥሩ እጅግ የተመናመነው የሜዲትራኒያን ሲል የተባለው የባሕር አጥቢ እንስሳ በብዛት ከሚኖርባቸው በዓለም የቀሩ ጥቂት ሥፍራዎች አንዱ ይገኛል፤ በ1997 በደረሰ ድንገተኛ እልቂት ከመንጋው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ አልቋል።

የመንደሯ ዕጣ የተያያዘበት የምዕራብ ሰሃራ ጉዳይ ለአዲስ አበባም እንግዳ አይደለም። ፖሊሳሪዮ ያወጀው መንግሥት፣ የሰሃራዊ ዓረብ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ፣ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫውን ያገኘው በ1982 በአዲስ አበባ በተደረገ ስብሰባ ሲሆን፣ ሞሮኮም በዚህ ተቆጥታ ከድርጅቱ መውጣቷን ያስታወቀችው በ1984 በዚያችው ከተማ በተካሄደ ጉባኤ ነበር፤ በ2017 የአፍሪካ ኅብረት አባል ሆና የተመለሰችውም በአዲስ አበባ ጉባኤ ነው። ሁለቱም ወገኖች ላ ጉዌራ የእኛ ናት ይላሉ። ሞሮኮ መንደሯን ሳትይዝ የደቡቡን ክልሏን እስከ 2015 ድረስ በእሷ ስም ስትጠራ ቆይታለች፤ በአልጄሪያ ቲንዱፍ አካባቢ ከሚገኙት የሰሃራውያን የስደተኛ ሠፈሮች በአውሰርድ ውስጥም ላ ጉዌራ የሚል ስም የተሰጠው ወረዳ አለ።