ኦሪጋሚ፦ የጃፓናውያን የወረቀት እጥፋት

ኦሪጋሚ «ኦሪ» (ማጠፍ) እና «ካሚ» (ወረቀት) ከሚሉ ሁለት የጃፓንኛ ቃላት የተገጣጠመ ስም ነው። በዛሬው ትርጉሙ የተለመደው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ቀደም ሲል «ኦሪካታ» ወይም «ኦሪሱዌ» ይባል ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወረቀት ወደ ጃፓን የገባው በ610 በአንድ የኮሪያ መነኩሴ አማካይነት እንደሆነ በልማድ ይነገራል። ጃፓናውያን ከኮዞ ቁጥቋጦ ልጥ የሚሠሩት ዋሺ የተባለ ወረቀት ቃጫው ረጅም ስለሆነ ደጋግመው ቢያጥፉት መስመሩ ላይ አይሰነጠቅም። ያለ ዋሺ ይህ ጥበብ እዚህ ባልደረሰ ነበር።

የጥንቱ እጥፋት የአክብሮት ምልክት ነበር። በሳሙራይ ዘመን የኦጋሳዋራና የኢሴ ቤተሰቦች ስጦታ በምን ዓይነት እጥፋት እንደሚጠቀለል ሥርዓት ያስተምሩ ነበር። ዛሬም ስጦታ ላይ የሚለጠፈው «ኖሺ» መነሻው በታጠፈ ወረቀት የተጠቀለለ የደረቀ የባሕር ቀንድ አውጣ ሥጋ ነው። በሠርግ ላይ ደግሞ የሳኬ (የሩዝ መጠጥ) መቅጃው በወንዴና በሴቴ የወረቀት ቢራቢሮዎች ያጌጣል።

በ1797 ኪዮቶ ውስጥ «ሂደን ሰንባዙሩ ኦሪካታ» የተባለ መጽሐፍ ታተመ። ለመዝናኛ የሚሆን እጥፋት በሚያስተምሩ የታተሙ መጻሕፍት ረገድ ከሚታወቁት ሁሉ ቀዳሚው ነው። በውስጡ ያሉት 49 ንድፎች በኩዋና ከተማ የቾኤንጂ ቤተ መቅደስ መነኩሴ የነበረው የጊዶ ሥራዎች ናቸው። ሁሉም የሚያሳዩት ከአንድ ወረቀት ሳይለያዩ የሚታጠፉ፣ በክንፍ ጫፍ፣ በምንቃር ወይም በጭራ የተያያዙ ወፎችን ነው። ወረቀቱ በመቀስ ይቀደድና በየማዕዘኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሳይቆረጥ ይቀራል። ተራ ወረቀት እዚያችው መጋጠሚያ ላይ ይበጠሳል፤ ዋሺ ግን ይችላል። ኦሪጋሚ መቀስ አይነካውም የሚለው ደንብ እንግዲህ የኋላ ዘመን ነው።

ወፉ «ጹሩ» ይባላል፤ ረጅም አንገትና ረጅም እግር ያለው የሽመላ መሰል ነው። 1,000 ዓመት ይኖራል ስለሚባል የረጅም ዕድሜ ምልክት ሆኗል። ለመታጠፍ ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በስኩዌር ሜትር ከ60 እስከ 70 ግራም የሚመዝን ወረቀት ይመቻል። ቀለሙ ወደ ላይ ሆኖ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለቴ ይታጠፍና ይከፈታል፤ ይገለበጥና በመስቀል ቅርጽ ሁለቴ ታጥፎ ይከፈታል። አራቱ ማዕዘኖች ወደ አንድ ነጥብ ሲሰበሰቡ ትንሽ ካሬ ይወጣል። ክፍት ጫፉ ወደ አጣፊው ይዙር፤ ከተገለበጠ የሚቀጥለው እጥፋት አይመጣም። የላይኛው ንብርብር ሁለት ጠርዞች ወደ መካከለኛው መስመር፣ የላይኛው ጫፍ ደግሞ ወደ ታች ታጥፈው ይከፈቱና ንብርብሩ ወደ ላይ ይነሣል፤ በጀርባም እንዲሁ። ከዚያ ከታች ያሉት ሁለት ሹል ጫፎች፣ ማለትም እግሮቹ፣ ይጠባሉ፣ ወደ ውስጥ ተገልብጠው አንገትና ጭራ ይሆናሉ፤ የአንዱ ጫፍ ለምንቃር ይሰበራል፣ ክንፎቹ ይወርዳሉ። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው እግሮቹን ማጥበቡ ነው፤ ጠርዙ መስመሩን ካለፈ አንገቱ ላይ ንብርብር ይከመርና ይጣመማል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ቀድሞ መቆም ይበጃል።

ሺህ ጹሩ «ሰንባዙሩ» ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ በ7.5 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ታጥፎ፣ 40 40 እየሆነ በ25 ክር ይሰካል። ለታመመ ሰው ይሰጣል። ይህ ልማድ በዓለም የታወቀው በሳዳኮ ሳሳኪ ነው። በሂሮሺማ የአቶም ቦምቡ በነሐሴ 1945 ሲወድቅ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ በ1955 በደም ካንሰር ታማ ሆስፒታል ገባችና ጥቅምት 25 ዐረፈች። 644 ብቻ አጥፋ ሞተች የሚለው ትረካ ሰፊ ነው፤ የከተማዋ የሰላም ሙዚየምም ቤተሰቧም ከ1,000 ማለፏን ይናገራሉ፤ ሊታመኑ የሚገባቸው እነሱ ናቸው። የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ባነሣሡት ዘመቻ የሕፃናት የሰላም ሐውልት በ1958 ተመረቀ።

በሜጂ ዘመን (1868–1912) እጥፋት ወደ መዋዕለ ሕፃናት ገባ። የኪነ ጥበብን ደረጃ የሰጠው ግን አኪራ ዮሺዛዋ (1911–2005) ነው። በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ያስለመዳቸው የነጠብጣብ መስመሮችና ቀስቶች ዛሬ የአጣፊዎች ሁሉ የጋራ ቋንቋ ናቸው። ወፍራም ወረቀትን በጥቂቱ አርጥቦ ማጠፍም የእሱ ዘዴ ነው፤ ወረቀቱ ሲደርቅ እንደተቀረጸ ይጸናል። ውኃው ከበዛ ግን ቃጫው ይላላና ይቀደዳል።

የጃፓናዊው የሕዋ ሳይንስ ሊቅ የኮርዮ ሚዩራ እጥፋት ደግሞ ሁለት ማዕዘኖችን ብቻ በመሳብ ሙሉውን ሉህ ይከፍታል፤ በ1995 ወደ ሕዋ በተላከ የጃፓን መንኮራኩር ላይ ተሞክሯል።