ለዓይነ ስውራን በበጎ ፈቃድ ስካን የሚደረጉ መጻሕፍት የጥራት መለኪያ በጎንደር

በበጎ ፈቃድ ስካን የተደረገ መጽሐፍ የሚባለው ከታተመው ጥራዝ ገጽ በገጽ በስካነር ወይም በስልክ ካሜራ ተነሥቶ፣ ምስሉ በኦሲአር ፕሮግራም ወደ ጽሑፍ ተለውጦ፣ በሰው እጅ ታርሞ፣ በድምፅ አንባቢ ፕሮግራም ወይም በብሬይል ለመነበብ የተዘጋጀ ፋይል ነው። ጥራቱ የሚለካው ምስሉ ለዓይን በማማሩ አይደለም። መለኪያው በጆሮ ወይም በጣት የሚያነበው ተማሪ መጽሐፉን ከሚያይ የክፍል ጓደኛው እኩል ሊጠቅሰውና ሊፈተንበት መቻሉ ነው።

በዓለም ላይ ከታወቁት የዚህ ዓይነት ስብስቦች አንዱ በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ቡክሼር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መጻሕፍቱን በብዛት የሚያቀርቡት ስካን የሚያደርጉ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ የደረሰው ፋይል በሌላ ሰው ይታረማል፣ ከዚያም በሦስት ደረጃ፣ እጅግ ጥሩ፣ ጥሩ ወይም መካከለኛ ተብሎ ይመደባል። አሠራሩ ለአማርኛም ይበጃል፤ ስሕተቶቹ ግን በፊደሉ ጠባይ የተነሣ ሌላ ዓይነት ናቸው።

ጎንደር ለዚህ ሥራ በጣም የተለያዩ ሁለት ዓይነት መጻሕፍት ያሏት ከተማ ናት። አንደኛው የዩኒቨርሲቲው መጽሐፍ ነው፤ ሞጁል፣ ሀንድአውት፣ የሕግ ጥራዝ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ፕሮግራም አለው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በአካል ጉዳተኞች ተሳትፎ ላይ ያተኮረ የነጻ ትምህርት ዕድል ፕሮግራም ጀምሯል። ሁለተኛው የአብነት ትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ነው፤ ዳዊቱ፣ ውዳሴ ማርያሙ፣ አንድምታው። በቃል ትምህርት የሚጓዘው የአብነት ቤት ለዓይነ ስውራን ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ቀድሞ በሩን የከፈተ ነው፤ የታተመውን ትርጓሜ ራሱን ችሎ ማገላበጥ ለሚፈልግ ግን ፋይሉ ያስፈልገዋል።

ስሕተት ሁሉ እኩል አይደለም

አንድ የአማርኛ ገጽ 1,200 ያህል ፊደል ቢይዝ፣ 99 በመቶ ትክክል የሆነ ኦሲአር በየገጹ 12 ስሕተት ይተዋል፤ ባለ 200 ገጽ መጽሐፍ 2,400 ስሕተት ይዞ ይወጣል ማለት ነው። 99.9 በመቶ ቢደርስ እንኳ 240 ይቀራል። ስለዚህ የፕሮግራሙን የትክክለኛነት መቶኛ የጥራት ማረጋገጫ አድርጎ ማቅረብ አያስኬድም።

ከቁጥሩ ይልቅ የስሕተቱ ዓይነት ይከብዳል። በቃል መካከል ምልክት ወይም የላቲን ፊደል ከገባ አንባቢው ስሕተት መሆኑን ወዲያው ይሰማና ያልፈዋል። ክፉው ስሕተት ትክክለኛ ቃል ሆኖ የሚገኘው ነው። ሳ እና ላ ስለሚመሳሰሉ «ሳይከፍል» የነበረው «ላይከፍል» ሆኖ ይወጣል፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳይሰናከል ትርጉሙ ይገለበጣል። ቡ እና ቢ የሚለያዩት ትንሿ ቅጥያ መሐል ወይም እግር ሥር በመዋሏ ብቻ ነውና «ገቡ» ወደ «ገቢ» ሲለወጥ የፊደል ማረሚያ ፕሮግራም ምንም አይልም። ቁጥርም እንዲሁ ነው። የሕግ አንቀጽ፣ የመድኃኒት መጠን፣ ዓመተ ምሕረት በድምፅ ሲነበቡ ስሕተታቸው አይታወቅም፤ ስለዚህ በፋይሉ ያለ ቁጥር ሁሉ ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ ይመሳከራል። የግዕዝ ቁጥር ያለበት መጽሐፍ የባሰ ነው። ከላይና ከታች ያለው ሰረዝ ከደበዘዘ ፬ን ዐ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ያጋጥማል።

ጆሮና ዓይን የሚያመልጣቸው ይለያያል። «ሠረቀ» (ወጣ) እና «ሰረቀ» (የሌባው) በድምፅ አንድ ናቸው፤ ፀሐይ የወጣችበትን ዓረፍተ ነገር ሌባ ቢገባበት በማዳመጥ ብቻ የሚያርም ሰው አያገኘውም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀም እንደዚያው። በአንጻሩ ሲያነብ የኖረ ዓይን «ስጠ» ብሎ የተጻፈውን «ሰጠ» ብሎ ያልፈዋል፤ ጆሮ ግን ይይዘዋል። በዚህ ምክንያት አንድ መጽሐፍ ሁለት አራሚ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ፋይሉን ከገጹ ጋር በዓይኑ የሚያነጻጽር፣ ሌላው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያዳምጥ። ለሁለተኛው ሥራ በድምፅ አንባቢ መጠቀም የለመደ ዓይነ ስውር አንባቢ ከሚያይ ሰው ይልቅ ፈጣንና ጥንቁቅ ነው፤ በጎ ፈቃደኞች ይህን ሥራ ለእሱ መተው ቢለምዱ ብዙ ድካም ይቀንስላቸዋል።

ሁለት ነገር ግን መታረም የለበትም። የመጀመሪያው የደራሲው ሥርዓተ ጽሑፍ ነው፤ «ዓለም»ን «አለም» እያሉ ማስተካከል፣ ወይም በተቃራኒው፣ የአራሚው መብት አይደለም። ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። «አለ» ተናገረም ሆነ ኖረ አጻጻፉ አንድ በመሆኑ ድምፅ አንባቢው አንዱን ብቻ መርጦ ይናገራል፤ ይህ የንባቡ ጉድለት እንጂ የስካኑ ስላልሆነ ፋይሉ ላይ ምልክት አይጨመርም።

ምስሉ

ለተለመደ የመጽሐፍ ፊደል 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነሣው ነጥብ ብዛት)፣ ለግርጌ ማስታወሻና ለደቃቅ ፊደል 400 ዲፒአይ በግራጫ ቀለም ይበቃል። ከዚያ በላይ ፋይሉን ያከብደዋል እንጂ ንባቡን እምብዛም አያሻሽለውም። ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚለው ምርጫ ደብዛዛዎቹን ቅጥያዎች ስለሚበላ አይመረጥም። ወረቀቱ ስስ ሆኖ የጀርባው ጽሑፍ ከታየ ከገጹ በስተኋላ ጥቁር ወረቀት ይደረጋል። ጥራዙ በደንብ ካልተዘረጋ መሐል ያለው ጥላ የየመስመሩን የመጨረሻ ወይም የመጀመሪያ ቃል ይውጠዋል፤ ሁለት ገጽ በአንድ ምስል ማንሣትም ይህንኑ ያባብሳል። በስልክ ለሚያነሣ ሰው ፍላሽ ጠፍቶ፣ ገጹ በንጹሕ መስታወት ተጭኖ፣ ከጎን በሚገባ የመስኮት ብርሃን ሌንሱ ትይዩ ይያዛል።

በተማሪዎች እጅ የሚዞረው ጥራዝ ብዙ ጊዜ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነው። እያንዳንዱ ቅጂ ከፊደሉ እግርና ቅጥያ ትንሽ ይወስዳልና ዋናውን ከቤተ መጻሕፍት ፈልጎ ማንሣት ከሳምንት እርማት ያድናል።

የቤተ ክህነት መጻሕፍት የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። ቅዱሳት ስሞችና አርእስት በቀይ ስለሚታተሙ ገጹ በጥቁርና ነጭ ሲነሣ ስሙ ደብዝዞ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ይቀራል። መፍትሔው በከለር ስካን አድርጎ በምስል ማረሚያ ፕሮግራም አረንጓዴውን ቻነል ብቻ መውሰድ ነው፤ በዚያ ውስጥ ቀዩ ቀለም ጥቁር ሆኖ ይታያል። ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ደግሞ አማርኛውን በግራ፣ እንግሊዝኛውን በቀኝ ዓምድ ስለሚያትም፣ ፕሮግራሙ መስመሩን ዘልሎ ሁለቱን ቋንቋ እንዳያቀላቅል ገጹ ከኦሲአር በፊት ለሁለት ይቆረጣል።

ከምስል ወደ ጽሑፍ

ቴሰራክት የተባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፤ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱም ኔትወርክ ለሚቋረጥበት ከተማ ትልቅ ጥቅም ነው። እንግሊዝኛን አብሮ ማስነበብ የሚገባው እንግሊዝኛ ባለበት ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ አለዚያ ዐ ዜሮ ወይም ኦ የተባለው የላቲን ፊደል፣ ሀ ደግሞ ዩ እየሆነ ይወጣል።

ስካነር ከመነካቱ በፊት ግን የመጽሐፉ ዲጂታል ቅጂ ካለ ይፈተሻል። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ፎንት የተጻፈ ፒዲኤፍ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ከሥሩ ያለው ኮድ የላቲን ነው፤ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ፣ ዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚያ በኋላም የድሮው ልማድ ለረጅም ጊዜ ቀጥሏል። አንድ መስመር ኮፒ አድርጎ ኖትፓድ ላይ መለጠፍ ነገሩን ያወጣዋል። ፊደሉ ከተበላሸ ፒዲኤፉ ወደ ምስል ተቀይሮ በኦሲአር ያልፋል፤ ምስሉ ንጹሕ ስለሆነ ውጤቱ ከስካን የተሻለ ይሆናል።

በጣም የሚበላሸው ሥርዓተ ነጥቡ ነው። በአሮጌ ኅትመት ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ (፡) በመሆኑ ቃሉ በመስመር መጨረሻ ያለ ሰረዝ ይቆረጣል። ፕሮግራሙ የመስመሩን ማለቂያ ክፍት ቦታ ሲያደርገው «ኢትዮ ጵያ» ዓይነት ነገር ይወለዳል። እርማቱ በቅደም ተከተል መሄድ አለበት። አስቀድሞ «፡፡» እና «::» ሁሉ ወደ ። ይለወጣሉ፤ ቀጥሎ መስመሮች ያለ ክፍት ቦታ ይያያዛሉ፤ መጨረሻ ላይ ብቻ ፡ ወደ ክፍት ቦታ ይቀየራል። ከሁሉ በፊት ፡ን ያጠፋ ሰው የትኛው መስመር ቃል ጨርሶ እንዳለቀ የሚያውቅበትን ምልክት አጣ። በአኃዝ መካከል ያለው፣ እንደ 2፡30 ወይም እንደ ማቴ 5፡3፣ አይነካም። ፕሮግራሙ በመስመር ጫፍ ያለውን ሁለት ነጥብ ብዙ ጊዜ ስለሚዘልለው ሁለት ቃል ተጣብቆ እንዳይቀር ጫፎቹን በዓይን ማየት ግድ ነው።

«ት/ቤት» እና «ወ/ሮ» እንደታተሙ ይተዋሉ። ድምፅ አንባቢው «ስላሽ» ካለ የሚስተካከለው ኤንቪዲኤ በተባለው ድምፅ አንባቢ የአነጋገር መዝገብ ነው። ይህ ነጻ ፕሮግራም ኢስፒክ ኤንጂ ከተባለው የንግግር ፕሮግራም የአማርኛ ድምፅ ጋር ያለ ኔትወርክ ይሠራል። መቅደስና አመሃ የተባሉት የማይክሮሶፍት የአማርኛ ድምፆች የተሻለ ለዛ ቢኖራቸውም ኤጅ በተባለው የድረ ገጽ ማሰሻ የሚያነቡት ኢንተርኔት ሲኖር ነው።

የፋይሉ አወቃቀር

የገጽ ቁጥር ለተማሪ ከሁሉ በላይ ነው፤ ያለ እሱ ማጣቀሻ መጻፍ አይችልም። ቁጥሩ በየገጹ መጀመሪያ ብቻውን በአንድ መስመር ይቀመጣል፣ በየገጹ አናት የሚደጋገመው የመጽሐፉ ርዕስ ግን ይሰረዛል። ምዕራፎች በወርድ የርዕስ ስታይል ይደረጋሉ፤ ፊደሉን ማወፈር ብቻ ለድምፅ አንባቢ ርዕስ አይሆንም። የግርጌ ማስታወሻ አንቀጹ ካለቀ በኋላ ይገባል። ሠንጠረዥ እውነተኛ ሠንጠረዥ ይሁን፤ ሥዕልና ካርታ ምን እንደሚያሳይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይገለጽ፤ መግለጫው የአዘጋጁ መሆኑም ይጠቆም። ወደ ብሬይል የሚሄደው ፋይል የግዕዝ ፊደል ሠንጠረዥ ባለው ሊብሉዊ በተባለ የብሬይል መቀየሪያ ፕሮግራም ይቀየራል።

ደረጃ ሲሰጥ ከመጀመሪያ፣ ከመካከልና ከመጨረሻ ቢያንስ አሥር ገጽ፣ እንዲሁም ሠንጠረዥ ያለበት ገጽ ሁሉ ይቆጠራል። ትርጉም የለወጠ አንድ ስሕተት ከተገኘ ወይም አንድ ገጽ ከጎደለ የሌላው ንጽሕና አያድነውም፤ ፋይሉ ወደ እርማት ይመለሳል።

ሕጉን በተመለከተ፣ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ኢትዮጵያ የማራኬሽ ስምምነትን በ2020 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች። ስምምነቱ የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ተደራሽ ቅጂ ማዘጋጀትንና ከአገር አገር መለዋወጥን ይፈቅዳል፤ ፋይሉን ለሁሉ በተከፈተ የቴሌግራም ቻናል መልቀቅን ግን አይሸፍንም።

በፋይሉ መጀመሪያ የመጽሐፉ ርዕስ፣ ደራሲ፣ ማተሚያ ቤት፣ የኅትመት ዓመት፣ የደረጃው ምልክትና የማይነበቡ ገጾች ዝርዝር ይጻፋል። የታረመበት ቀን በፋይሉ ስም ላይም ይግባ፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የተሻገረ ያልታረመ ቅጂ ተመልሶ ስለማይሰበሰብ፣ አንባቢው በእጁ ያለው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው በዚያ ብቻ ነው።