አገጭ ላይ ፀጉር ማብቀል በሽታ ነው?

እህቶች፣ ጥያቄው ስለተደጋገመ አንዴ ላብራራው። ብዙዎች እንደሚያስቡት ምላጭ ፀጉር አያወፍርም፤ ሹል ጫፉን ስለሚቆርጠው ነው ሻካራ የሚመስለው። ዋናው ጉዳይ አንድሮጅን የሚባለው ሆርሞን ነው። “የወንድ ሆርሞን” ይባል እንጂ ሁላችንም አለን። ሲበዛ፣ አገጭና ደረት ላይ ያለው ስስ ፀጉር ይጠቁራል፣ ይወፍራል። ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያለው ፒሲኦኤስ የተባለው የሆርሞን መዛባት ነው።

ለምሳሌ አንዷ እናቷም አክስቷም እንደሷ ናቸው፤ የወር አበባዋም አይዛነፍም። የዘር ሊሆን ይችላል። ሌላዋ በሦስት ወር አንዴ ነው የምታየው፤ ብጉርም አስቸግሯታል። እሷ ትመርመር። መድኃኒትም ሊያመጣው ስለሚችል የምትወስዱትን ለሐኪም ንገሩ።

በጥቂት ወራት ውስጥ ድንገት ከበዛና ድምፅ ከጎረነነ ግን ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ። አልፎ አልፎ መንስኤው ዕጢ ይሆናል።