መሬትና ቤት ከመግዛት በፊት የባለቤትነት ሰነድ ማጣራት

መሬት ወይም ቤት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገር ማወቅ አለበት። ሻጩ በእርግጥ ባለቤት ነው? ንብረቱስ ከዕዳ፣ ከእገዳና ከክርክር ነጻ ነው? የሰነድ ማጣራት የሚባለው ይህን የማረጋገጥ ሥራ ነው። ሥራው በሻጩ እጅ ያለውን ወረቀት ከመዝገብ ቤቱ ፋይልና ከመሬቱ ከራሱ ጋር ማመሳከር ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው ወረቀቱን ብቻ አይቶ ቀብድ ሲከፍል ነው። ወረቀቱ ትክክለኛ ሊሆን ይችላል፤ ከተሰጠ በኋላ ግን ንብረቱ በባንክ ተይዞ፣ ለሌላ ተሸጦ ወይም በፍርድ ቤት ታግዶ ይሆናል። ይህን የሚናገረው መዝገቡ ነው።

መዝገቡ ምን ያህል እንደሚያስተማምን የሚወስነው የአገሩ ሥርዓት ነው። አንዳንድ አገሮች የሚመዘግቡት ውሉን ብቻ ነው። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1617 ያቋቋመችው መዝገብ የዚህ ዓይነት ነበር። ውል ተመዘገበ ማለት ሻጩ ባለቤት ነበር ማለት አይደለም። ስለዚህ ገዢው ንብረቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ወደ ኋላ እየሄደ አንድ በአንድ ይከተላል። መሃል ላይ አንዱ ሽያጭ ፈራሽ ከሆነ ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ይናጋሉ።

የደቡብ አውስትራሊያ ፖለቲከኛ የነበረው ሮበርት ቶረንስ ይህን ጣጣ ለመቅረፍ የተለየ መንገድ አመጣ። በእሱ ግፊት ደቡብ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1858 ያወጣችው ሕግ የሚመዘግበው ባለቤትነቱን ራሱን ነው። ባለቤት የሚያደርገው መመዝገቡ ነው፤ በመዝገቡ ስህተት የተጎዳም ካሳ የሚጠይቅበት መንገድ አለው። ሥርዓቱ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቷል።

አሜሪካ ደግሞ በአብዛኛው የውል ምዝገባን ይዛ ቀጠለች። በፔንሲልቬንያ አንድ ገዢ ባለሙያ አጣርቶለት በገዛው መሬት ላይ ዕዳ ተገኘበት። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1868 ባለሙያው ተጠያቂ አይደለም አለ። እ.ኤ.አ. በ1876 በፊላደልፊያ የተቋቋመው የባለቤትነት ኢንሹራንስ ኩባንያ፣ ማለትም በባለቤትነቱ ላይ በኋላ ጉድለት ቢገኝ ኪሳራውን የሚሸፍነው፣ የዚህ ክፍተት ውጤት ነው። ዛሬ በአሜሪካ ባንኮች ለቤት ሲያበድሩ ይህን ኢንሹራንስ መጠየቃቸው የተለመደ ነው።

መዝገብ ሲነበብ ስሙን አይቶ መዝጋት አይበቃም። የጀርመንን የመሬት መዝገብ እንውሰድ። መጀመሪያ መሬቱ ይገለጻል። ከዚያ ሦስት ክፍሎች አሉ። አንደኛው ባለቤቱን ይናገራል። ሁለተኛው እንደ መተላለፊያ መንገድ ያሉ የሌሎች ሰዎች መብቶችንና ገደቦችን ይይዛል። ሦስተኛው የመያዣ ዕዳ ነው። የተሰረዘ ነገር አይጠፋም፤ በቀይ ይሰመርበታል። ገዢዎች አንደኛውንና ሦስተኛውን አይተው ሁለተኛውን ያልፉታል። እኔ ግን በጥንቃቄ መነበብ ያለበት እሱ ነው እላለሁ። ዕዳ ከሽያጩ ገንዘብ ተከፍሎ ሊያልቅ ይችላል፤ ጎረቤት በግቢው ውስጥ የማለፍ መብት ካለው ግን ከገዢው ጋር ለዓመታት ይኖራል።

ቀጥሎ የሚጣራው ሻጩ ነው። መታወቂያው በመዝገቡ ካለው ስም ጋር ይመሳከራል። ንብረቱ የጋራ ከሆነ ሁሉም መፈረም አለባቸው፤ በብዙ አገሮች የትዳር ጓደኛ ስምምነትም ግድ ነው። ንብረቱ የውርስ ከሆነ ወራሾቹ በሙሉ መታወቅ አለባቸው። በውክልና የሚሸጥ ሲሆን ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። ውክልናው መሸጥን በግልጽ ይፈቅዳል? አልተሻረም? ወካዩስ በሕይወት አለ? በአብዛኛው ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮ ያበቃል። መልሱ መምጣት ያለበት ሰነዱን ካጸደቀው አካል እንጂ ከተወካዩ ወይም ከደላላው አይደለም። አስመሳይ ሻጮች የሚያነጣጥሩት ባዶ መሬት፣ ዕዳ የሌለበት ቤትና ባለቤቱ ሩቅ የሚኖር ንብረት ላይ ነው።

ወደ ቦታው መሄድም የማጣራቱ አካል ነው። ፈቃድ ያለው ቀያሽ ወሰኑንና ስፋቱን በፕላኑ ላይ ካለው ጋር ያስተያያል። አጥሩ ወደ ጎረቤት ገብቶ ከሆነ እዚህ ላይ ይታወቃል። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩትንም በምን መብት እንደሚኖሩ መጠየቅ ያስፈልጋል። በእንግሊዝና በዌልስ፣ ቤቱ ውስጥ የሚኖር ሰው በንብረቱ ላይ ያለው መብት በመዝገቡ ባይጻፍም ገዢውን ሊያስገድድ ይችላል።

የመጨረሻው አደጋ የጊዜ ክፍተት ነው። ዛሬ ንጹሕ የነበረ መዝገብ ስም እስኪዛወር ድረስ አዲስ ዕዳ ወይም እገዳ ሊገባበት ይችላል። እንግሊዝና ዌልስ ለዚህ መፍትሔ አላቸው። ገዢው ይፋዊ ፍተሻ ካደረገ ለ30 የሥራ ቀናት ቅድሚያ ያገኛል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለምዝገባ ካመለከተ መሃል ላይ የገባ ሌላ ጥያቄ አይቀድመውም። እንዲህ ያለ ጥበቃ በሌለበት ቦታ ደግሞ ውሉ በሚፈረምበት ቀን ጠዋት መዝገቡን እንደገና ማየት፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ማስመዝገብ የግድ ነው።