ዲዶን ምንድን ነው? «መሽራ» ያስባለን ፊደል

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ደሴ ላይ ሲዳር የጥሪ ካርዱን ምረጥ ተብዬ ነበር። ሙሽራው ስልኩን አውጥቶ የቮግ መጽሔትን ስም አሳየኝ። «እንደዚህ ያለ ፊደል ይሁንልኝ፣ ሀብታም ሀብታም የሚሸት» አለ። አልተሳሳተም፣ ፊደሉ እውነትም ሀብታም ይሸታል። ያ ፊደል የሚመደብበት ወገን ዲዶን ይባላል።

ዲዶንን ለመለየት ዓይን ብቻ ይበቃል። ቋሚው መስመር ወፍራም ነው፣ አግድሙ ግን ክር ነው የሚያህለው። የላቲን ፊደል ጫፍና እግር ላይ የምትቀመጠዋ ትንሽ ሰረዝ ሴሪፍ ትባላለች። ዲዶን ላይ እሷም ምላጭ ሆናለች፤ ከወፍራሙ ግንድ ጋር ስትገናኝ ምንም መደላድል የላትም፣ ቀጥ ብላ ትለጠፋለች። በወፍራሙና በቀጭኑ መካከል ያለውን ልዩነት ዲዛይነሮች ኮንትራስት ይሉታል፣ ዲዶን ደግሞ ኮንትራስትን ጥግ ያደረሰ ነው።

ስሙ የሁለት ሰዎች ስም ተቆራርጦ የተሰፋ ነው። አንዱ የፓሪሱ ፊርማን ዲዶ ነው። ሌላው በጣሊያን ፓርማ ያትም የነበረው ጃምባቲስታ ቦዶኒ። ሁለቱም በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው የሠሩት፣ ቃሉን ግን ማክሲሚሊየን ቮክስ የተባለ ፈረንሳዊ በ1954 እ.ኤ.አ. ፊደሎችን በወገን በወገን ሲመድብ ነው ያወጣው። እንዲህ ያለ ፊደል ከዲዶና ከቦዶኒ በፊት ለምን አልተሠራም? ወረቀቱ አይችለውም ነበራ! ሻካራ ወረቀት ላይ ክር የምታህል መስመር ብታትም ወይ ትቆራረጣለች ወይ ቀለም ጠጥታ ትወፍራለች። በ1750ዎቹ የበርሚንግሃሙ ጆን ባስከርቪል ለስላሳ ወረቀትና ጥቁር ያለ ቀለም ይዞ መጣ፣ መንገዱም ተከፈተ።

እኛም ወፍራምና ቀጭኑን እናውቀዋለን እኮ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለውን የ13ኛው መቶ ዘመን ወንጌል የጻፈ እጅ አፉ ጠፍጠፍ ተደርጎ በተቀረጸ ብዕር ነበር የሚሠራው። ብዕሩ በአንድ በኩል ሲሄድ ይሰፋል፣ በሌላው ይቀጥናል። ልዩነቱ ከብዕሩ አፍ የመጣ ስለሆነ ቀጭኑም ቢሆን ሥጋ አለው። ዲዶን ግን ሲጫኑት የሚወፍር ሹል ብዕርንና በመዳብ ሰሌዳ ላይ በሹል መሣሪያ የተቀረጸ ጽሑፍን ነው የሚመስለው፣ ቀጭኑ በቃ ፀጉር ነው።

ለዚህ ነው ዲዶን የርዕስ ፊደል የሆነው። ትልቅ አድርገህ ብቻውን ስትተወው፣ ዙሪያውን ነጭ ቦታ ስትሰጠው ያምራል፤ የመጽሔት ስም፣ የሽቶ ካርቶን፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የሁለት ሙሽሮች ስም መነሻ ፊደል። አሳንሰህ አንቀጽ ስትጽፍበት ግን ቀጫጭኖቹ ይጠፉና ወፍራሞቹ ብቻ እንደ አጥር እንጨት ተደርድረው ዓይን ያጭበረብራሉ። ሐርፐርስ ባዛር መጽሔት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዲዶ የተባለውን ፊደል ሲያሠራ ፊደል ሠሪው ጆናታን ሆፍለር አንዱን ፊደል ለሰባት መጠን ለየብቻ የሣለው ወዶ አይደለም። ለትንሹ የሚሆነው ቀጭኑ ወፈር ይላል፣ ለትልቁ የሚሆነው እስኪበቃው ይቀጥናል። ለሱቅ ማስታወቂያም አልመክርም፣ በተለይ ለደሴ። የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ሲለቅብን ከመንገዱ ማዶ የሚታይህ ቋሚ ቋሚው ብቻ ነው።

ወደ ካርዱ ልመለስ። ዲዛይነሩ ለአማርኛውም ያንኑ መልክ ያለው፣ አግድሙ ፀጉር የሆነ ፎንት አገኘና በትንሹ፣ በወርቃማ ቀለም፣ በክሬም ወረቀት አተመው። አክስቴ ካርዱን ይዛ በር ላይ ወጣች፣ መነጽሯን ከፍ ዝቅ አደረገች።

«መሽራ ማነው ደሞ?»

ፈልገን አየን። የ«ሙ» ጎን ላይ ያለችው ሰረዝ ጠፍታለች። ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው፤ በላቲን ቀጭኗ መስመር ብትጠፋ ቃሉን ገምተህ ታነባለህ። የእኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚሸከመው በቀጭኗ ነው። ሙ እና መ፣ ቡ እና በ የሚለዩት በአንዲት ሰረዝ ነው። ሸ ከ ሰ፣ ቸ ከ ተ፣ ኘ ከ ነ የሚለየው አናቱ ላይ ባለው አግድም። ያንን ፀጉር ካደረግከው አናባቢ ብቻ ሳይሆን ፊደሉ ራሱ ይቀየራል። አማርኛ ላይ ዲዶናዊ መልክ የሚፈልግ ሰው ግንዱን ያወፍር እንጂ ሰረዞቿን አይንካብኝ፣ ወይም የፊደሉ መጠን ከ40 ነጥብ (ፖይንት) በታች አይውረድ። የ40ው ቁጥር የእኔ ልክ ነው፣ ሕግ አይደለም።

ካርዱ እንደገና ታተመ። የሁለቱ ስም መነሻ ፊደሎች በላቲን፣ በቦዶኒ ፊደል፣ እጅ የሚያህሉ ሆነው መሃል ላይ ቀሩ። ጥሪው፣ ቀኑና ቦታው በተራ የአማርኛ ፎንት ገባ። ሙሽራው ትንሽ ከፋው፤ «ወረቀቱ የቀበሌ ማስታወቂያ መሰለ» አለ። አክስቴ ግን ያለ መነጽር አነበበችው። የመጀመሪያዎቹ 200 ካርዶች አሁንም ቤት ናቸው፣ ልጆቹ ጀርባቸው ላይ ሥዕል ይሥሉባቸዋል።